ከሰማይ የወረደው ቤት

ድሬ ዳዋ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ከሰው ጋር የማይነጋገር ሰው ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ እናገራለሁ። በዐረብኛ ዋጋ እከራከራለሁ። በፈረንሳይኛ ደግሞ ከባቡር ጡረተኞች ጋር እሰዳደባለሁ፤ እስካሁን የረታኝ የለም። ሠርግ ላይ በሶማሌ ሽማግሌና በጉራጌ ሽማግሌ መካከል ተቀምጬ ሁለቱንም በአንድ ቀልድ፣ በአንድ ጊዜ አስቂያለሁ። ራዲዮ ፈትቼ መልሼ ስገጥም የሚተርፍ ብሎን የለም። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው ማነው ብትሉ፣ እኔው ነኝ። ዲፕሎማ አልሰቀልኩም። ግድግዳዬም አልወደቀም።

ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። እሺ፣ ለመመካትም ነው፤ የሠራ ሰው ቢመካ ነውር የለውም። ዋናው ነገር ግን በቀላሉ የምደነግጥ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። ጎርፍ አይቻለሁ፣ ጦርነት አይቻለሁ፣ ሁለት መንግሥት ሲወድቅ አይቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን ልጄ ለሕፃኗ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ስትከፍት ሽታው መጣና ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

"አባ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት። ያ የተቆላ የሚመስል፣ ጣፋጭና አቧራ አቧራ የሚል ሽታ የሚስዮን ትምህርት ቤት ሽታ ነው። እዚያ ያሳለፍኩትን ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየደነገጥኩ ነው የጨረስኩት።

ትርፍ ቤት የተወረሰበት ዓመት ነው። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ገብቷል፣ ራዲዮው ቀን ከሌት የሰልፍ መዝሙር ያሰማል። እኛ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሐጂ ዩሱፍ ግቢ በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ሐጂ ዩሱፍ የሽንኩርትና የስኳር ነጋዴ ነበሩ፤ መንገዱን ተከትሎ ያለው ቤት ሁሉ የእሳቸው ነበር። እናቴ ሁልጊዜ "ሐጂ ቤት ነው የሚበሉት" ትል ነበር፣ ከቤት ኪራይ በሚያገኙት ነው የሚኖሩት ለማለት። በዚያ ዓመት አዋጅ ወጣና ከሚኖሩበት በቀር ሁሉንም ቀበሌ ወሰደባቸው። እኛ ግን ከዚያችው ክፍል አልወጣንም፤ የተለወጠው የቤቱ ጌታ ነው።

አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቀን መጣና "ይህ ልጅ አማርኛ ማንበብ አለበት፤ ባቡር ቤት ያለ አማርኛ ሥራ የለም" አለ። በቅርብ ያለው ደግሞ ሉተራን የሚባሉ ፈረንጆች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበር። ሰፈር ሰማ። በማግስቱ ከበር ስወጣ የጎረቤት ልጆች ጠበቁኝ።

"ወርያ ጀማል! ዛሬ ክርስቲያን ሊያደርጉህ ነው አሉ!"

"ስምህን ዮሐንስ ይሉሃል! ዮሐንስ! ዮሐንስ!"

እናቴ ራሷን ከበሩ አወጣችና "ሂዱ ከዚህ! ልጄ ወተታቸውን ጠጥቶ ይመጣል፣ ሌላ ምንም አይነካም!" ብላ አባረረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ ቀስ ብላ "ኢልመ ኪያ፣ ወተቱን ግን እስከ ታች ጠጣው" አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው።

የመጀመሪያው ድንጋጤዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሴት ልጅ አጠገብ መቀመጤ ነው። ሁለተኛው ወተቱ ነው፤ ላም የሌለበት ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ ሲወጣ አየሁ። ሦስተኛው መምህሯ ነበረች። ሚስ ሣራ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ነች፣ ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት አለ። ቁርአን ቤት የለመድኩት አለንጋ ነው፤ እሷ በእጇ የያዘችው መቀስ ነበር።

"እንደምን አደራችሁ?" አለች ገብታ።

ሁሉም ባንድ ድምፅ መለሰ። እኔ ግን የቤቴን ሥርዓት አውቃለሁና ቆሜ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?" አልኳት።

ፊቷ ቀላ። አዲስ አበባ መምህር "አንቺ" እንደማይባል እኔ በምን አውቃለሁ? በድሬ "እርስዎ" የሚባለው ሰው ወይ የተጣላህ ነው፣ ወይ ዳኛ ነው። ትንሽ ቆይታ ግን ሳቀች፤ "ደህና አደርኩ ጀማል፣ አመሰግናለሁ" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። የኔ ሚስ ሆነች።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጥቁር ቆብ ያደረገ ወፍራም ፈረንጅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ሉተር ነው አሉን። እኔ ዳይሬክተሩ መሰለኝ፤ ጠዋት ስገባ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እለው ነበር። አንድ ሰኞ ስመጣ ሥዕሉ የለም። በቦታው ሦስት ፈረንጆች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ ሁለቱ ጺማቸው ደረታቸው ድረስ ነው። አንድ ዳይሬክተር አባርረው ሦስት አመጡ ብዬ እናቴን ነገርኳት። እሷም ደነገጠች፤ "ለሦስቱም ደሞዝ ከየት ያመጣሉ?" አለች።

ሚስ ሣራ በእጅ ታስተምራለች። መደመርና መቀነስን በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ተማርን። በማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርገን ባቄላ አበቀልን፤ የኔ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ፣ ምስክር አለኝ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በጆንያ አምጥተን ፊደል በጣት ጻፍንበት። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ጥቁር ጨርቅ የለበሰው ሰሌዳ ነው። ሚስ ከወረቀት የተቆረጠ ሰው ታነሣና ጨርቁ ላይ ጫን ታደርገዋለች፤ ሰውየው ያለ ሙጫ ይቆማል። ታንቀሳቅሰዋለች፣ ይሄዳል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቢስሚላህ ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

ከየካቲቱ የመሬት አዋጅ፣ ከሐምሌው የትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ሌላ ትእዛዝ መጣ። የጠዋት ጸሎት ቀረ። የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ ቀረና የፖለቲካ ትምህርት ተተካ። ሚስን "ጓድ" በሏት ተባልን፤ እኔ "ጓድ ሚስ" ብዬ አስማማሁት። የሦስተኛ ክፍል መምህር ግን እልኸኛ ሰው ነበር፣ ልጆቹን ጸሎት አስደገመ ተባለ። በሥራ ሰዓት ላንድሮቨር መጣና ወሰደው። ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሰውየውን ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ይህን ሁሉም ልጅ ያውቃል፤ ስለዚህ ሚስ ሣራ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በሩን ዘግታ "ተረት ልንገራችሁ" ስትል፣ ተረት እንዳልሆነም ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማንም ቤቱ ሄዶ አይናገርም። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ልጅ እንኳ አይናገርም፤ ጨርቁ ላይ የሚሄዱት ሰዎች እንዳይቀሩበት ፈርቶ ነው።

አንድ ዓርብ መቀስና ነጭ ወረቀት ሰጠችንና "ትንንሽ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ" አለች። ቆረጥን። እሷ ጨርቁ ላይ ድንኳኖች ለጠፈች፣ ድንኳኖቹ የኢሳ አርብቶ አደር ጎጆ ይመስላሉ። ነጮቹን ክቦች በላያቸው በተነች። ከዚያ መደበኛው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ "መና" ብላ ጻፈች።

ታሪኩን ተናገረች። ሰዎች በክፉ ንጉሥ አገር ጡብ ይሠሩ ነበር። ተነሥተው በረሃ ገቡ። ምንም የላቸውም። ጠዋት ሲነሡ መና ከሰማይ ወርዶላቸው አገኙ፤ ማታ ደግሞ ድርጭት ወረደላቸው። ለእያንዳንዱ ለቤተሰቡ የሚበቃውን ብቻ ውሰድ ተባለ። ትርፍ ያስቀመጠ ሰው ትርፉ ተላበት፣ ገማም።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አማርኛዬ ገና ግማሽ ነው፤ እናቴ ግን ከጠዋት እስከ ማታ "መነ፣ መነ" ስትል ነው ያደግሁት። መነ በኦሮምኛ ቤት ነው። መነ ጠበበን፣ መነው ያፈሳል፣ አላህ ሰፊ መነ ይስጠን። በእናቴ መነና በሚስ መና መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል እግር ነው፣ እኔ ደግሞ እግር መለየት ገና አልጀመርኩም። ጨርቁ ላይስ ምን አለ? ቤቶች! ነጮቹ ክቦች ኮከቦች ናቸው፤ ሌሊት ስለሆነ። "መናውን በሉ" ስትልም አልከበደኝም፤ ሐጂ ዩሱፍም ቤት ይበላሉ።

ስለዚህ ለድሃ ከሰማይ ቤት ይወርዳል። ይህን የሰማሁ ልጅ ምን አደረግሁ? በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በየጠዋቱ ወጣሁ። ቤቱ ሲወርድ ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ነበር የምጠብቀው። እናቴ ከታች "ያ ጀማል፣ ምን ፍለጋ ነው?" ትላለች። እኔ አልመልስም፤ ድንገት ላስደስታት ነበር ያሰብኩት።

ሚስ ሣራ ታሪኩን በሌላ ዓርብ ስትደግምልን በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

የገባው ጓድ ደምሴ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ከኋላው አብዲ አለ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ባለፈው ዓመት ከኛ ጋር ኳስ ይጫወት ነበር፤ አሁን የቀበሌ ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል። ሚስ ወደ ጨርቁ ዞራ ነጮቹን ክቦች በአንድ ጠራረገችና በጡጫዋ ውስጥ ደበቀች። ድንኳኖቹ ቀሩ። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ "መና" እንደተጻፈ ቀረ።

"ኢትዮጵያ ትቅደም!" አለ ጓድ ደምሴ እጁን አንሥቶ።

"ኢትዮጵያ ትቅደም!" አልን። ሚስም ያንኑ የጨበጠችውን እጅ አነሣች። አንድ ነጭ ክብ ከጣቶቿ መካከል አምልጦ ወደ መሬት ሲወርድ አየሁት። በጫማዋ ረገጠችው።

ጓድ ደምሴ ሰሌዳውን አነበበ። ቀስ ብሎ ወደ ሚስ ዞረ። "መና" አለ። "እኔ አያቴ ቤት ሳድግ የማውቀው መና አንድ ነው። እሱ ከሆነ፣ ጓድ፣ የሦስተኛ ክፍሉ ጓደኛሽ ያለበትን ቦታ ታያለሽ።"

ሚስ ከንፈሯ ነጣ። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

"ልጆች አይዋሹም። ማነው መና ምን እንደሆነ የሚነግረኝ?"

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ተነሣ። የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

"ስምህ ማነው?"

"ጀማል። ያንተስ?"

አብዲ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"ጓድ ደምሴ። እሺ ጀማል፣ መና ምንድነው?"

"ቤት ነዋ።"

"ቤት?"

"ቤት! ሰው የሚያድርበት። አታውቅም እንዴ?"

ጓድ ደምሴ ወደ አብዲ ዞረ። "ምንድነው የሚለው?"

"ልክ ነው ጓድ" አለ አብዲ። "በኦሮምኛ ቤት መነ ነው የሚባለው።"

"በብሔረሰብ ቋንቋ ነው የምታስተምሪው?" አለ ሚስን። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። ያስጨረሰኝ የለም እንጂ ልናገር የምፈልገው ብዙ ነው።

"ሰዎች ነበሩ" አልኩ። "ለአንድ ክፉ ንጉሥ ጡብ ይሠሩ ነበር። ጡቡን ይሠራሉ፣ ቤት ግን የላቸውም። ከዚያ ንጉሡን ትተው ሄዱ። ቤት ከላይ መጣላቸው።"

"ከላይ?" አለ ዓይኑን አጥብቦ።

"ከላይ! ትእዛዙም ከላይ ነው የመጣው። ለሁሉም ለቤተሰቡ የሚበቃው ብቻ ተሰጠ። ትርፍ የያዘ ሰው ትርፉ ተላበት፣ ገማበት!"

"ትርፍ!" አለ ጓድ ደምሴ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና የጠመኔ አቧራ ተነሣ። "ሰማህ አብዲ? ትርፍ ቤት! እኛ ለአዋቂ ስንት ስብሰባ ጠርተን ያልገባውን ነገር ይህ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው!" ከዚያ ግን ጨርቁን፣ ሚስን፣ ደግሞም እኔን አየ። አንድ ነገር አልረጋለትም። "እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ይህንኑ በሕዝብ ፊት ይድገመው። አንቺም ትመጫለሽ ጓድ። ሕዝቡ ሲሰማ ምን እንደሚል እናያለን።"

በሩ ሲዘጋ ሚስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ እኛ አጠገብ፣ ዘጭ አለች። እጇን ከፈተች። ነጮቹ ክቦች በላብ መዳፏ ላይ ተጣብቀዋል።

"ጀማል፣ መና ቤት ነው ብሎ ማን ነገረህ?"

"አንቺ!"

አየችኝ። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። "እሁድ እንደ ዛሬው ተናገር" አለችኝ በመጨረሻ። "አትጨምር፣ አትቀንስ።" ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም። የተማሪዋ ጉብዝና ነክቷት መሰለኝ።

ቅዳሜ ቤታችን መጥታ እናቴን ፈቃድ ጠየቀች። እናቴ ስለ ትርፍ ቤት ንግግር እንደማደርግ ስትሰማ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። "ሐጂ ፊት? ሐጂ እኮ ከፊት ነው የሚቀመጡት! ልጄ ሐጂን ፊት ለፊት 'ትርፍህ ገማ' ሊል?"

"ሐጂ መጽሐፍ ያውቃሉ?" አለች ሚስ ቀስ ብላ።

"ሐጂ? ቁርአኑን በቃል ነው የሚያውቁት። ለምን?"

ሚስ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠች። አልጠጣችውም።

ስብሰባው የሐጂ በነበረው መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ግድግዳው አሁንም ሽንኩርት ይሸታል። እኔን ሣጥን ላይ አቆሙኝ። ከፊት ረድፍ ሐጂ ዩሱፍ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል። ሚስ ከግድግዳው ጋር ቆማለች፣ አብዲ ከጎኗ ነው። ጓድ ደምሴ ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ቆመ።

ተናገርኩ። ድምፄ ከመጋዘኑ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር ብለውኛል። በአማርኛ ጨርሼ፣ ያልገባቸው እንዳሉ ሳይ፣ ማንም ሳያዘኝ በኦሮምኛ ደገምኩት። ሕዝቡ ላይ ግን እንግዳ ነገር አየሁ። ጡብ ስል አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ሊያማትቡ እጃቸውን አነሡና ግንባራቸው ላይ ሲደርስ ዝንብ እንዳባረረ ሰው አወረዱት። በረሃ ስል ከመስጊድ የማውቃቸው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከሰማይ ወረደ ስል አንድ የባቡር ሠራተኛ ጉልበቱን ቆንጥጦ ያዘ። ሁሉም ያውቃሉ። ክርስቲያኑም ያውቃል፣ እስላሙም ያውቃል። አንድም ሰው ግን አልተናገረም፣ አላጨበጨበም። እኔ በንግግሬ ውበት ደንግጠው ነው ብዬ ተቀበልኩት።

"ትርፍ የያዘ ሰው ትርፉ ተላበት፣ ገማበት!" ብዬ ጨረስኩ። ያኔ መጋዘኑ ሙሉ ሐጂን አየ።

ሐጂ ዩሱፍ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እናቴ ከኋላ "ያ አላህ" ስትል ሰማሁ።

"ጓድ፣ ልጁን አንድ ነገር ልጠይቀው?"

"ይጠይቁት" አለ ጓድ ደምሴ። ይህን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ነበር።

"ልጄ፣ ከዚያ ከመናው ጋር ሌላ የወረደ ነገር አልነበረም?"

ሚስ አትጨምር ብላኛለች። ግን የተጠየቀውን የማያውቅ ልጅ እንዲመስል የሚፈልግ ማነው? "ነበረ!" አልኩ። "ድርጭት!"

የሚስ ጭንቅላት ግድግዳውን ደገፈ። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ ግን የለውም። ሐጂ ያዩት እሷን ነበር።

"ድርጭት?" አለ ጓድ ደምሴ። ድምፁ ተለውጧል። "ድርጭት ከቤት ጋር ምን አገናኘው? ሐጂ፣ ይህን ታሪክ ከየት ያውቁታል?"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሐረባቸውን አወጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ መሐረቡን አጥፈው መለሱት።

"እኔ ነጋዴ ነኝ ጓድ፣ ታሪክ አላውቅም። ግን አስቡት፤ ለሰው ቤት ብቻ ብትሰጠው ምን ይበላል? ግድግዳውን? ድርጭት ማለት ትንሽ ዶሮ ነው። ልጁ የሚለው ከቤቱ ጋር ዶሮ እርባታ ይሰጥ ነው። የኅብረት ሥራ ማለቱ ነው።"

"ዶሮ እርባታ" አለ ጓድ ደምሴ።

"ዶሮ እርባታ!" ብሎ የባቡር ሠራተኛው ጮኸና አጨበጨበ። መጋዘኑ አብሮት ፈነዳ። ነጠላ የለበሱት እናት እልል አሉ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም፤ ዕድሜዬን ሁሉ የኔ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ሕዝቡ ሲበተን ሐጂ በከዘራቸው ጫፍ ሸሚዜን ይዘው ወደ ውጭ ጥግ ሳቡኝ።

"ወርያ፣ ቁርአን ቤት ቀርተሃል አይደል? 'አል-መንነ ወስ-ሰልዋ' የሚለውን ቀርተሃል?"

"ቀርቻለሁ! ልቅራልህ?" መቅራት በኛ ቁርአን በቃል ማንበብ ነው።

"አትቅራልኝ። ትርጉሙን ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"የነቢዩ ሙሳ ሕዝብ በረሃ ውስጥ የበላው ምግብ ነው። መምህርትህ ያስተማረችህ እሱን ነው። ምግብ ነው ልጄ። ቤት አይደለም።"

ጆሮዬ ጮኸ። ምግብ! ራሴው በአለንጋ ሥር በቃሌ የያዝኩት ነገር ነው። እነዚያ ሁሉ ጠዋቶች፣ ጣሪያው፣ ብርዱ፣ ሰማዩ! ለእናቴ ያዘጋጀሁት ሰፊ ቤት ዓይኔ ሥር ወደ ቁርስ ተለወጠ። እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

"ታዲያ ካወቅክ ለምን ዝም አልክ?" አልኳቸው። "እኔ እኮ ትርፍህ ገማ አልኩህ!"

ሐጂ ቀድሞ የእሳቸው ወደነበረው የመጋዘን በር አዩ፤ አብዲ እየቆለፈው ነበር።

"ስነሣ ላጋልጣት ነበር የተነሣሁት፣ ወላሂ። ተናድጄ ነበር። ከዚያ ልጅቷን አየኋት፣ ዱዓ ታደርጋለች። ቤቶቼን ወሰዱ። ነቢዩ ሙሳን ደግሞ እኔው ላስረክባቸው?"

ሰኞ ጠዋት ሚስን ከደጅ ያዝኳት። "ምግብ ነው አሉ!" አልኳት። ማን እንዳለ ስነግራት ደብተሮቿ ከእጇ ወደቁ። ከትምህርት በኋላ ወደ ሐጂ ውሰደኝ አለችኝና ወሰድኳት። በሩ ላይ ቆማ "ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት" አለች።

"ስለ ምን?" አሉ ሐጂ። "እኔ ጆሮዬ ከብዷል ልጄ፣ በስብሰባው አንድም ነገር አልሰማሁም። ሻይ ትጠጫለሽ?" በዚህኛው ቀን ጠጣች። እኔም ጠጣሁ።

ጓድ ደምሴ ዶሮ እርባታውን አልረሳም። በሳምንቱ ቆርቆሮና ሽቦ ይዞ መጣና በትምህርት ቤቱ ግቢ ዶሮ ቤት አሠራን። የቆርኪ ትምህርታችን ወደ እንቁላል ትምህርት ተለወጠ። ሚስ ዓርብ በሩን መዝጋቷን ቀጠለች፣ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግን ተወች። በፊት አዳምጬ የምረሳውን ነገር ከዚያ ወዲህ ቃል በቃል እጠይቃታለሁ፤ "ይህ ምን ማለት ነው? በማን ቋንቋ?" እያልኩ አሰለቸኋት። ላንድሮቨሩ በትምህርት ቤቱ በር ባለፈ ቁጥር ክፍሉ ሁሉ እስትንፋሱን ይይዛል። ያልፋል። እንደገና ማንበብ እንጀምራለን።

ክረምት ሲቃረብ ትምህርት ቤቱ ለመንግሥት ሊተላለፍ ነው ተባለ። ሚስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ሌላ መምህር እስኪመጣ ስንጠብቅ የሶማሊያ ጦርነት መጣና ክፍሉ ተዘጋ። ሁለተኛ ክፍል የሚባለውን አላየሁትም፤ አላስፈለገኝምም።

በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራሁትን ግን ልናገር፣ ሌላ ሰው አይናገርልኝምና። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ለይቻለሁ፤ መነን ከመና ጨምሮ። ከአርባ ልጆች ባቄላ ቀድሜ አብቅያለሁ። ሰው ሳያስተምረኝ በሁለት ቋንቋ ለአንድ መጋዘን ሙሉ ሕዝብ ንግግር አድርጌያለሁ። በቁርአን የማውቀውንና በሚስዮን የተማርኩትን አንድ ቦታ ላይ አገናኝቻለሁ፣ ምንም እንኳ የነገሩኝ ሐጂ ቢሆኑም። ዶሮ እርባታ አቋቁሜያለሁ። አንድ ካድሬ አስጨብጭቤያለሁ። ሰኔ ላይ ደግሞ የሚስ ሣራን ሻንጣ በራሴ ላይ ተሸክሜ ባቡር ጣቢያ ወስጃለሁ፤ ማንም ሳይይዛት፣ በገዛ እግሯ ደረጃውን ወጥታ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ባቡሩ እስኪታጠፍ ድረስ እጇን ክፍት አድርጋ ስታውለበልብልኝ አይቻለሁ።